የጨጓራ ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው መከላከያው ደካማ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእምብርቴ በላይ ሲያቃጥለኝ ሄጄ በሰገራ ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ታዘዘልኝ፤ ገና አልጀመርኩም። የጨጓራ አሲድ ሥጋ የሚያሟሟ ከሆነ ባክቴሪያው እንዴት ሊኖርበት ቻለ? በሽታ የመከላከል አቅሜ ስለደከመ ነው? ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ተልባ እየወሰድኩ ኢሚዩኒቲዬን ባጠናክር ራሱ አያጠፋውም? ልጆቼንስ ላስመርምር?»

መልስ፦

አቅምዎ አልደከመም። እንዲያውም ከዚህ ባክቴሪያ ጋር በተያያዘ ጨጓራ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ትልቁ ክፍል የራሳችን መከላከያ ሥራ ነው። ባክቴሪያው የራሱ መርዝ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ነገር ግን ጨጓራን ዓመት ከዓመት እያስቆጣ የሚያቆየው ሰውነት ለእሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሰውነትዎ ባክቴሪያውን አውቆታል፣ ያለውን ሁሉ እየላከበትም ነው። የሚልከው ግን በአብዛኛው እሱ ጋ አይደርስም፤ መሐል ላይ ያለው የጨጓራዎ ሽፋን ነው የሚጎዳው። «ኢሚዩኒቲ ማጠናከር» መልስ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መልሴ ረዘም ስለሚል ቡናዎን ይዘው ቢያነቡት ይሻላል። ቡና ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ታች እነግርዎታለሁ።

ከአሲዱ እንጀምር። ጨጓራ በቀን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያመነጫል። ሆድ ባዶ ሲሆን የፈሳሹ ፒኤች ከ1 እስከ 2 አካባቢ ነው። ፒኤች ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል፤ ንጹሕ ውሃ 7 ነው። ብዙ ሰው አሲዱ የተፈጠረው ሥጋ ለመፍጨት ይመስለዋል። ያግዛል፣ እሙን ነው። ፔፕሲን የሚባለው ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ሥራ የሚጀምረው አሲድ ሲያገኝ ነው። ግን ጨጓራቸው አሲድ ማመንጨት ያቆመ ሰዎችም ሥጋ በልተው ይፈጫሉ፤ ቆሽትና ትንሹ አንጀት ይሸፍኑላቸዋል። እኔን ከጠየቁኝ የአሲዱ ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ከምግብና ከውሃ ጋር የሚገባውን ተሕዋስ መግደል።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው ከ50 ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ የተደረገ የኮሌራ ጥናት ነው። ሰዎቹ የኮሌራ ባክቴሪያ እንዲጠጡ ተደረገ። የጨጓራቸው አሲድ እንዳለ ሆኖ ተቅማጥ እንዲይዛቸው 100 ቢሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አስፈለገ። መጀመሪያ አሲዳቸውን በሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም በቤኪንግ ሶዳ፣ ሲያረግቡት ግን 1 ሚሊዮን ገደማ በቃ። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ያን ሁሉ ባክቴሪያ የፈጀው ተራ የጨጓራ አሲድ ነው።

ይህን ዓይነቱን ነው ተፈጥሯዊ መከላከያ የምንለው። ስንወለድ ይዘነው እንመጣለን። ጀርሙን ከዚህ በፊት አይቶት ማወቅ አያስፈልገውም። ሌላኛው ክፍል፣ አንቲቦዲ የሚሠራውና በክትባት የሚሠለጥነው፣ ለመድረስ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል። ጨጓራ ላይ የየዕለቱን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራትና ለዓመታት የሚውጡ ሰዎች አሉ። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በቦታው ሕይወት ያድናል። ግን አሲዱን ለረጅም ጊዜ ያጠፋ ሰው በሳልሞኔላ፣ በካምፒሎባክተርና በመሳሰሉት የአንጀት ኢንፌክሽኖች የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። የማያስፈልገው ሰው ባይወስደው ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። አሲዱ የበሬውን ሥጋ ካሟሟ የጨጓራውን ሥጋ ለምን አያሟሟም? መልሱ ሙከስ የሚባለው ዝልግልግ ሽፋን ነው። ተልባ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ዝልግልግ ያውቁታል፤ ልክ እንደዚያ ያለ ነገር የጨጓራን ውስጠኛ ገጽ ሁሉ ሸፍኖት ይገኛል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነው። ከሥሩ ያሉት ሴሎች ወደዚህ ሽፋን ባይካርቦኔት ይለቃሉ፣ ያው ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ነገር። ስለዚህ ከላይ፣ ምግቡ ባለበት በኩል ፒኤቹ 2 ሲሆን ከታች ሴሎቹ አጠገብ 7 ይጠጋል። ሙሉው ልዩነት የሚገኘው በዚያች ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ባክቴሪያው የሚጠቀመው በእሷ ነው።

ሙከሱ ዝም ብሎ መከለያ ብቻ አይደለም። የተሠራው ሙሲን ከሚባሉ ስኳር የተሸከሙ ትልልቅ ፕሮቲኖች ነው። አንደኛው ዓይነት ከላይኞቹ ሴሎች ይመጣል፤ ሌላው ከታች ከዕጢዎቹ ጥልቀት ይመነጫል። የታችኛው ሙሲን ጫፍ ላይ ያለው ስኳር ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ስኳር የጨጓራ ባክቴሪያ እንዳያድግ እንደሚያደርግ አሳዩ። መንገዱ ይገርማል። ባክቴሪያው ኮሌስትሮል መሥራት አይችልም፤ ከእኛ ይወስድና ስኳር ለጥፎበት የራሱን ግድግዳ ያበጅበታል። የታችኛው ሙሲን ስኳር ይህን የመለጠፍ ሥራ ያስተጓጉለዋል። ሰውነት የራሱን አንቲባዮቲክ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባክቴሪያው በብዛት ከላይኞቹ ሴሎች በሚመጣው ሙከስ ውስጥ የሚገኘውም ያለ ነገር አይደለም።

ከሙከሱ ሥር ያሉት ሴሎችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ገጻቸው ላይ ተተክሎ የሚቆም ሌላ ሙሲን አለ። ባክቴሪያው መጥቶ እሱ ላይ ሲጣበቅ ሙሲኑ ከሴሉ ይላቀቃል። ባክቴሪያው ሴሉን የያዘ መስሎት ተላቆ የሄደውን ይዞ ይቀራል። የላይኛው ሽፋን ሴሎች ራሳቸውም ብዙ አይቆዩም፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ። የተጣበቀባቸውም አብሮ ይረግፋል።

በዚህ ላይ ኬሚካሎቹን ይጨምሩ። ዲፌንሲን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች የባክቴሪያን ግድግዳ ይበሱታል። ከእነሱ አንዱ ጤነኛ ጨጓራ ውስጥም ሁልጊዜ ይመረታል፤ ሌላው ኢንፌክሽን ሲመጣ ብቻ ይጨምራል። ላይሶዛይም የባክቴሪያን ግድግዳ ይቆርጣል፤ እንባና ምራቅ ውስጥም አለ። ላክቶፌሪን ደግሞ ብረትን ጠፍሮ ይይዛል፤ አብዛኛው ባክቴሪያ ያለ ብረት አይራባም።

ይህን ሁሉ ሲያዩ እዚያ ማን ይኖራል ያስብላል። እውነትም ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ብለው ደምድመው ነበር። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከቅመም ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ግን ከተቆጣ ጨጓራ በተቆረጡ ናሙናዎች ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደጋግሞ ያይ ነበር። ከወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ጋር ሆነው ሊያራቡት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል መጣና ባክቴሪያው የተዘራባቸው የላቦራቶሪ ሳህኖች ማሞቂያው ውስጥ ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ቆዩ። ሲመለሱ በቅሏል። ለካ ዘገምተኛ ባክቴሪያ ነው። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምንለው፣ እርስዎም ውጤት ወረቀትዎ ላይ «ኤች ፓይሎሪ» ተብሎ ተጽፎ ያገኙት፣ እሱ ነው።

ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ያኔ 32 ዓመቱ ነው፤ ጤነኛ፣ ጨጓራውም አስቀድሞ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ፣ ታይቶ ደህና የተባለ። በቀናት ውስጥ አቅለሸለሸው፣ አስታወከው፣ የአፉም ጠረን ተለወጠ። ኢንዶስኮፒ ሲደገም ጨጓራው በባክቴሪያና በነጭ የደም ሴሎች ተሞልቶ ተገኘ። ሁለቱም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የእኔ ፍላጎት ግን ሽልማቱ ላይ አይደለም። መከላከያው ሙሉ የሆነ ወጣት ሐኪምም በዚህ ባክቴሪያ ከተያዘ እርስዎ ስለተያዙ አቅምዎን የሚጠራጠሩበት ምክንያት የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ግማሹ ሕዝብ ኢሚዩኒቲ የለውም ልንል አንችልም።

እንግዲህ ባክቴሪያው እንዴት ይኖራል? ምስጢሩ አሲዱ ውስጥ የሚኖር አለመሆኑ ነው። ፒኤች 1 ላይ ለረጅም ጊዜ ቢተው እሱም ይሞታል። የሚያስፈልገው ከአሲዱ ወጥቶ ሙከሱ ውስጥ፣ ፒኤቹ ወደ 7 ወደሚጠጋበት፣ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ማለፍ ነው። ለዚያ ጉዞ ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም ይዟል፤ ያውም በብዛት፣ ከፕሮቲኑ ሁሉ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ። ኢንዛይሙ ዩሪያን ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ይህኛው ኬሚካላቸው አንድ ነው፤ በደማችንም አለ፣ ወደ ጨጓራም ይሰርጋል። አሞኒያው አሲዱን ያረግበዋል። ባክቴሪያው ዩሪያ የሚያስገባበት ቀዳዳ ደግሞ የሚከፈተው አሲድ ሲበዛ ነው፤ አሲዱ ሲቀንስ ይዘጋል። ያለበለዚያ በራሱ አሞኒያ ይሞት ነበር።

አሞኒያው ሌላም ጥቅም አለው። የጨጓራ ሙከስ አሲድ ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ይቀጥናል። ባክቴሪያው በዙሪያው ያለውን ሙከስ እያቀጠነ፣ በጭራዎቹ እየቀዘፈ፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ይህን የዩሪየስ ሥራ በዓይን ማየት ይቻላል። በኢንዶስኮፒ ጊዜ ከጨጓራ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ሥጋ ትቆነጠራለች። ዩሪያና ቀለም ያለበት ቢጫ ጄል ውስጥ ትከተታለች። ባክቴሪያው ካለ አሞኒያው ይወጣል፣ በቁራጩ ዙሪያ ያለው ቢጫ ወደ ሮዝ መዞር ይጀምራል፣ ከዚያም ጄሉ በሙሉ ይቀላል። አንዳንዴ በሽተኛው ከአልጋ ሳይወርድ ውጤቱ ይታያል። የትንፋሽ ምርመራውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣሉ፣ ባክቴሪያው ከሰበረው ምልክቱ በትንፋሽዎ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ሰውነት ይህን እንግዳ እንዴት ያውቀዋል፣ አውቆስ ለምን አያጠፋውም?

የጨጓራ ሴሎች ባክቴሪያ ብቻ ያለውን፣ እኛ የሌለንን ነገር የሚያሸቱ ተቀባዮች አሏቸው። አንዱ የባክቴሪያን የውጭ ግድግዳ ስብ ያውቃል። ሌላው የሚዋኝበትን የጭራ ፕሮቲን ያውቃል። ሳልሞኔላ ሲመጣ በእነዚህ ወዲያው ይታወቃል። ኤች ፓይሎሪ ግን ሁለቱንም ለውጧቸዋል። የግድግዳው ስብ ተቆራርጦ ተስተካክሏል፤ ተቀባዩ በደከመ ስሜት ነው የሚያየው። የጭራው ፕሮቲንም ተቀባዩ የሚይዘው ቦታ ላይ ተቀይሯል፤ ጭራው ይቀዝፋል ግን አይታወቅም። ከሰው ጋር ቢያንስ ለ50 ሺህ ዓመት አብሮ የኖረ ባክቴሪያ ነው፤ ሰውን አጥንቶታል።

ሆኖም ራሱን የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ። ኃይለኛ የሚባሉት ዝርያዎች ከሴላችን ጋር የሚያገናኝ ረቂቅ ቱቦ አላቸው። በእሱ አልፈው የራሳቸውን ፕሮቲን ወደ ሴሉ ያስገባሉ። ከፕሮቲኑ ጋር ግን የባክቴሪያው ግድግዳ ፍርካሽ አብሮ ይገባል። ሴሉ ውስጥ ኖድ 1 የሚባል ተቀባይ ይህን ፍርካሽ ሲያገኝ ሴሉ ይነቃል። የባክቴሪያው ስኳር ስብርባሪም በሌላ ተቀባይ ይታወቃል። ሴሉ ወዲያው ኢንተርሉኪን 8 የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ ይህ ከደም ሥር ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል። ዲፌንሲኑም ይጨምራል። መከላከያው ተኝቷል ማለት በፍጹም አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማይክሮስኮፕ ያሳያል። ጤነኛ የጨጓራ ሽፋን ላይ ነጭ የደም ሴል እምብዛም የለም፤ ጭር ያለ ነው። ባክቴሪያው ያለበት ናሙና ግን ሌላ ነው። ከላይ፣ ሙከሱ ውስጥ፣ ቀጫጭን ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች ተኝተዋል። ከሥራቸው የሽፋኑ ሴሎች ተሰድረዋል። ከሴሎቹ ሥር ኒውትሮፊሎች ተከማችተዋል፤ ኒውክሊየሳቸው በሦስት በአራት ጉብታ ስለተከፋፈለ ወዲያው ይለያሉ። አንዳንዶቹ በሁለት ሴሎች መሐል ተጣበው ወደ ላይ ሊያልፉ ሲሉ ይታያሉ። ባክቴሪያውና ነጭ የደም ሴሉ በሽፋኑ ሁለት ወገን ናቸው።

ኒውትሮፊል የሚገድለው በሚመርዝ ኦክስጅንና በኢንዛይም ነው። እነዚህ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለዩም። ባክቴሪያው ኦክስጅኑን የሚያከሽፉ ካታሌዝን የመሳሰሉ ኢንዛይሞች ይዟል። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሌሎች ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ገዳይ ኬሚካል ሊሠሩበት ሲሞክሩም ጥሬ ዕቃውን፣ አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ፣ ቀድሞ ይጨርስባቸዋል። የእኛ ሴሎች እንዲህ ያለ ዝግጅት ቢኖራቸውም ጥቃቱ ሲደጋገም አይበቃቸውም። ስለዚህ እሱ ይተርፋል፣ ሽፋኑ ይጎዳል። ዛሬም ነገም፣ ለአሥርተ ዓመታት። ሙከሱ ሲሳሳ አሲዱ ሥጋውን ያገኘዋል፤ ቁስለቱ የሚጀምረው በዚህ ነው።

እንዳይፈሩ ግን የሚከተለውን ልጨምር። ባክቴሪያው ካለበት ሰው አብዛኛው ዕድሜ ልኩን ምንም አይሰማውም። ቁስለት የሚይዘው ከ100 ሰው ከ10 እስከ 15 ያህሉን ነው። ወደ ጨጓራ ካንሰር የሚሄደው ከ100 ከ1 እስከ 3 ነው። አንድ ምክንያት ሰውነት ከጊዜ በኋላ ምላሹን ራሱ መግታት መጀመሩ ነው፤ ቁጣውን የሚያበርዱ ሴሎች ይመጣሉ። ባክቴሪያው ይህንንም ይወደዋል፤ የሚኖርበት ዕድሜ ይረዝምለታል። በሌላ በኩል ምላሻቸው በተፈጥሮ የበረታ ሰዎች ለካንሰር የበለጠ ይጋለጣሉ፤ እብጠት የሚያነሳሳ ኬሚካል የሚያበዛ ጂን የወረሱ ሰዎች ላይ ይህ ታይቷል። ኢሚዩኒቲ «በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ማሩና ተልባው? ነጭ ሽንኩርትና ማር በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያውን ያዳክሙታል፤ እውነት ነው። ሰው ሲበላቸው ግን ሙከሱ ውስጥ ያለውን ለማጥፋት አልበቁም። ነጭ ሽንኩርት በሰዎች ላይ ተሞክሮ ባክቴሪያውን አላስወጣም። ተልባ ሲጠጡት ጨጓራን ያለሰልሳል፣ ደስ ካለዎት ይጠጡ፤ ምግብ ነው። ሕክምና ነው ብለው ግን መድኃኒቱን አይተዉ። ወተትም እንዲሁ፤ ሲጠጡት ያበርዳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አሲድ ይጨምራል። ቡናና በርበሬ ቁስለት አይፈጥሩም። ማቃጠሉን ሊያብሱት ይችላሉ፤ ካባሱብዎት ይቀንሱ፣ ካላባሱብዎት እኔ አልከለክልዎትም። በባዶ ሆድ ሦስተኛውን ስኒ ግን ለጊዜው ይዝለሉት።

የጨጓራዎን መከላከያ በእርግጥ መርዳት ከፈለጉ ዲክሎፌናክን ይተዉ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። በእኛ አገር ለወገብም ለጥርስም ለራስ ምታትም ይዋጣል፣ በመርፌም ይወሰዳል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ሙከሱም፣ ባይካርቦኔቱም፣ ወደ ሽፋኑ የሚሄደው ደምም የሚታዘዙት በእሱ ነው። በመርፌ ቢወጉትም ልዩነት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ነው። ባክቴሪያውና እነዚህ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲገናኙ የቁስለት ዕድል በጣም ይጨምራል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻልዎታል። አስፕሪን ለልብ የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ያዘዘለትን ሐኪም ይጠይቅ። ሲጋራም የጨጓራን ሽፋን ይጎዳል።

የታዘዘልዎትን ሦስት መድኃኒት በግምት አውቃቸዋለሁ፤ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊገርምዎ ይችላል። ከላይ አሲዱን ሳመሰግን ቆይቼ አሁን አሲድ የሚያጠፋ መድኃኒት ውሰዱ ማለቴ። አሞክሳሲሊን የሚገድለው እየተራባ ያለን ባክቴሪያ ነው። ኤች ፓይሎሪ ደግሞ አሲድ ሲበዛ መራባቱን ቀንሶ አድፍጦ ይጠብቃል። አሲዱ ሲቀንስ ይራባል፣ ያኔ ይያዛል። ክላሪትሮማይሲንም አሲድ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። ኦሜፕራዞሉን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብለው ይዋጡት።

አፍዎን መራራ፣ ብረት ብረት ሊልዎት ይችላል፤ ክላሪትሮማይሲኑ ነው፣ ሲጨርሱ ይጠፋል። ሰገራ ሊቀጥን ይችላል። ቀላል ከሆነ ይታገሡት። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ቢጠፋም አያቁሙ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ ሕክምና የሚያተርፈው መድኃኒቱን የለመደውን ባክቴሪያ ነው፣ ቀጣዩም ሕክምና ይከብዳል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎት ወይም እርጉዝ ከሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሌላ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ያሳዩት፤ ክላሪትሮማይሲን ከብዙ መድኃኒት ጋር አይስማማም።

ከጨረሱ በኋላ መጥፋቱን ማረጋገጥ አለብዎት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆዩ፣ ኦሜፕራዞልም ካለ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቁም። አለዚያ ባክቴሪያው ተዳክሞ ስለሚደበቅ «የለም» የሚል የሐሰት ውጤት ሊመጣ ይችላል። ምርመራው እንደ መጀመሪያው በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይሁን። ከጣት ደም ተወስዶ አንቲቦዲ የሚታይበትን አይቀበሉ። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስንቱ ሰው ድኖ ሳለ በዚህ ምርመራ ምክንያት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አንቲባዮቲክ ይውጣል መሰለዎት!

ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ ሲውጡ ማነቅ ካለ ግን 14 ቀኑን አይጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልግዎታል።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ ምንም ካላመማቸው አያስመርምሩ። ባክቴሪያው በብዛት የሚያዘው በልጅነት፣ ቤት ውስጥ፣ ከቤተሰብ ነው። በአፍም፣ በትውከትም፣ በሰገራም ይተላለፋል፤ እርስዎም ምናልባት የያዝዎት ገና ልጅ ሳሉ ይሆናል። ሕፃን ላይ ግን ቁስለት ብዙም አይታይም፣ አንቲባዮቲኩም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምልክት የሌለውን ልጅ መርምሮ ማከም አይመከርም። ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ምግብ በአፍ አላምጦ ለሕፃን ማጉረስ ይቅር። የሚደጋገም የሆድ ሕመም፣ ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ልጅ ካለ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት፤ ይመረመር አይመረመር የሚለውን እሱ ይወስናል። ባለቤትዎን ግን እንደ እርስዎ የሚያቃጥለው ከሆነ አብሮዎት ይመርመር።